ከሬዲዮ ሞገድ ኃይል እንዴት ይቃረማል?

«ከዋይፋይ ሞገድ ስልኬን ቻርጅ አደረግሁ» የሚል ቪዲዮ ካያችሁ ዝጉት። ውሸት ነው። የቤት ዋይፋይ ራሱ የሚያሰራጨው 100 ሚሊዋት አካባቢ ነው፣ እሱም በየአቅጣጫው ተበትኖ። አንድ ሜትር ርቃችሁ ቀላል አንቴና ብትዘረጉ 16 ማይክሮዋት ገደማ ታገኛላችሁ። አምስት ሜትር ላይ አንድ ማይክሮዋትም አይሞላም፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚደርሳችሁ ኃይል ሩብ ይሆናልና። ኃይል ከሞገድ መሰብሰብን በእንግሊዝኛ «ሃርቨስቲንግ»፣ አጨዳ፣ ብለው ይጠሩታል እንጂ ነገሩ ቃርሚያ ነው። ለትንሽ ሴንሰር ግን ቃርሚያም ይበቃል።

ስለዚህ ከአንቴናው አትጀምሩ። ከወጪው ጀምሩ። ሙቀት ለክቶ በብሉቱዝ የሚልክ ሴንሰር አለን እንበል፤ ሲልክ በ3 ቮልት 10 ሚሊአምፔር ለ5 ሚሊሰከንድ ቢወስድ 150 ማይክሮጁል በላ ማለት ነው። ሲተኛ ደግሞ 1 ማይክሮአምፔር፣ ማለትም 3 ማይክሮዋት ይበላል። ከዳዮዱ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፈው ዕቃ) ወዲህ 10 ማይክሮዋት ካስገባችሁ 7 ይተርፋችኋል፣ በየ21 ሰከንዱ አንዴ መላክ ይቻላል። ግን የክፍል ሙቀት በየ21 ሰከንዱ ማን ይፈልጋል? በየ10 ደቂቃው ካደረጋችሁት መላኩ በአማካይ ሩብ ማይክሮዋት ብቻ ይሆንና ትልቁ በላተኛ እንቅልፉ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው አንቴና ሲያሳድግ ይከርማል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የእንቅልፉን ፍጆታ ቀንሱ ነው የምለው።

አሁን እንሥራ። ሁለት ሽቦ 8፣ 8 ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ በአንድ መስመር ግራና ቀኝ ዘርጓቸው። ለ900 ሜጋኸርዝ አንቴናው ይሄው ነው። ከአንደኛው ሽቦ ሥር 47 ፒኮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ) በይዱ። ከካፓሲተሩ ማዶ ሁለት ዳዮድ ይገናኛሉ፦ አንዱ ከሁለተኛው ሽቦ ወደዚህ የሚያሳልፍ፣ ሌላው ከዚህ ወደ መውጫው የሚያሳልፍ። በመውጫውና በሁለተኛው ሽቦ መካከል 1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር አድርጉ፣ በላዩ ላይ ቀይ ኤልኢዲ። አለቀ።

ለሙከራ ስልካችሁን 2ጂ ብቻ ላይ አድርጉና ደውሉ፣ አንቴናውን ስልኩ ላይ አስጠጉት። ኤልኢዲው ብልጭ ድርግም ይላል። 2ጂ ያልኩት በምክንያት ነው፤ በ900 ሜጋኸርዝ የ2ጂ ስልክ በቅጽበት እስከ 2 ዋት ይወጣል፣ 4ጂ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 ዋት አያልፍም። ኔትወርክ ደከም ያለበት ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ይደምቃል፣ ስልኩ ጣቢያው ጋር ለመድረስ ስለሚጮህ።

ዳዮድ ላይ አትሰስቱ። ተራው የሲሊከን ዳዮድ 0.6 ቮልት አካባቢ ካላገኘ በደንብ አይከፈትም፣ እኛ የምንቃርመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው። በትንሽ ቮልቴጅ የሚከፈተው ሾትኪ የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል። ግን ሾትኪ የተባለ ሁሉ አይሆንም! ከተበላሸ ቻርጀር ላይ የምትነቅሉት 1ኤን5819 ሾትኪ ነው፤ ሆኖም ለትልቅ ከረንት የተሠራ ስለሆነ በውስጡ ያለው ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ብዙ ነው፣ በ900 ሜጋኸርዝ ሞገዱን ወዲያም ወዲህም ያሳልፈዋል። 1ኤን5711 ለሙከራ ይሆናል። ከሩቅ ለሚመጣ ደካማ ሞገድ እንደ ኤስኤምኤስ7630 ያለ በትንሽ ቮልቴጅ የሚሠራ ፈልጉ።

እኔ የመጀመሪያውን ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ሰክቼ ሁለት ቀን ሙሉ ዜሮ አየሁ። በዚህ ፍሪኩዌንሲ የዳዮዱ እግር ርዝመት ራሱ ጉዳይ ነው። እግሮቹን አሳጥራችሁ በይዱ።

ኤልኢዲው ከሠራ በኋላ አንሱትና በቦታው ማከማቻ አድርጉ። 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ3 ወደ 2 ቮልት ሲወርድ 250 ማይክሮጁል ይሰጣል፣ ለአንድ መላክ ከበቂ በላይ ነው። ርካሽ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ግን የቃረማችሁትን እያፈሰሰ ያስቀራችኋል፤ ሴራሚክ ይሻላል። ቴስተራችሁም ሌባ ነው፦ 10 ሜጋኦም ቴስተር በ3 ቮልት ላይ አንድ ማይክሮዋት ገደማ ይጠጣል። ለክታችሁ ወዲያው አንሱት።

አንድ ነገር ደግሞ። አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣ እንዲያመጣላችሁ 915 ሜጋኸርዝ ማሰራጫና መቀበያ አብረው የታሸጉበት ኪት ልታዝዙ ትችላላችሁ። ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ እዚያ ፈቃድ ሳያስፈልግ የሚሠራበት ነው። እዚህ ግን ከ890 እስከ 915 ሞባይል ስልኮች ወደ ጣቢያ የሚልኩበት መስመር ነው፣ ማሰራጫውን ስትከፍቱ የሰፈሩን ስልክ ልትረብሹ ትችላላችሁ። መቀበያውን ተጠቀሙበት፣ ማሰራጫውን ካርቶኑ ውስጥ ተዉት።