ቦኔር ከሄዳችሁ ጥልቁን ተዉት፣ ዳር ዳሩን ፈትሹ

ካሪቢያን ውስጥ ባለችው የቦኔር ደሴት ለመጥለቅ የግድ ጀልባ አያስፈልግም። በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ የቦታው ስም የተጻፈባቸው ቢጫ ድንጋዮች ታገኛላችሁ። እዚያ መኪና አቁሞ፣ የመተንፈሻ አየር የያዘውን ሲሊንደር አዝሎ፣ በእግር መግባት ነው።

ብዙ ሰው ግን ገና እንደገባ ወደ ጥልቁ ይገሰግሳል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ! 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው 4 እጥፍ ስለሆነ አየራችሁ ቶሎ ያልቃል፤ 5 ሜትር ላይ ግን 1.5 እጥፍ ብቻ ነው። በዚያ በተረፈው ጊዜ ድንጋዩን ሁሉ አንድ በአንድ ማየት ይቻላል።

ምን እንፈልግ ካላችሁ፣ ጉድጓድ ደጃፍ ላይ የተከመረ ባዶ ዛጎልና የሸርጣን ቅርፊት ካያችሁ ቀስ በሉ፤ ኦክቶፐስ የበላበት ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱም ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ስፖንጅ (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) መስሎ የሚቀመጠውን ፍሮግፊሽ የተባለ ዓሣ ለመለየት ዓይኑንና አፉን ፈልጉ። ቦታ ቶሎ ስለማይቀይር፣ ትናንት ያየው ሰው ካለ መጠየቅ ያዋጣል። እኔ አይቼ የማልጠግበው ግን ስቲንግሬይ የተባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ እንደ ጥላ የሚከተለውን ሌላ ዓሣ ነው። ስቲንግሬዩ አሸዋውን ሲቆፍር ተከታዩ ከሥር የሚወጣውን እየለቀመ ይበላል።

ጓንት አትያዙ፣ በደሴቷ ዙሪያ ባለው የባሕር ፓርክ ክልክል ነው። ስትገቡም ስትወጡም ድንጋይ የሚመስለውን ሕያው ኮራል አትርገጡ። መኪናው ውስጥ ደግሞ ምንም ዕቃ አትተዉ።