ወንዙ ዳሩን ሲበላ፦ ከእግሩ ጀምሩ

ወደ ጣና ሐይቅ በሚፈሰው በጉማራ ወንዝ ዳር ማሳ ያለው ዘመድ ካላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። አምና ሁለት በሬ ጎን ለጎን ያልፍበት የነበረው ዳር ዘንድሮ ለአንድ ሰው ይጠባል። ብዙው ሰው አፈር በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ከላይ ይደረድራል። ልፋቱ ያሳዝናል፤ አንድ ክረምት አይሻገርም። ወንዝ ዳሩን የሚበላው ከእግሩ ነው።

ምልክት፦ ውሃው ከጎደለ በኋላ ዳሩ እየተገመሰ ይወድቃል

ምክንያት፦ ወንዙ ሲሞላ ዳሩ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ሙላቱ ሳለ ግን ውሃው ራሱ ደግፎ ይይዘዋል። ሲጎድል ድጋፉ ይሄዳል፣ ክብደቱ ይቀራል። የፎገራ ጥቁር አፈር ደግሞ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ውሃ በቀላሉ ይገባዋል። እባካችሁ ወርዳችሁ ከስር እዩት። እኔ ያየሁት አንድ ዳር ከላይ ሳር ለብሶ ደህና ይመስላል፤ ከስሩ ግን እጄ እስከ ትከሻዬ ገባ።

መፍትሄ፦ ኅዳር ላይ ጀምሩ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የጣና ዓሦች ወደ ጉማራና ርብ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ያኔ ወንዙን አትነካኩ። ጠጠሩንም ከወንዙ አትልቀሙ፣ ድንጋዩ ከማሳ ይምጣ።

ቀጥ ያለውን ግድግዳ አዘንብሉት፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 2 ሜትር አግድም ጥሩ ነው። እግሩን በትልልቅ ድንጋይ አስይዙ። በድንጋዩ መሃል አሃያ ከሚባለው የወንዝ ዳር ዛፍ ቅርንጫፍ ትከሉ፦ አውራ ጣት የሚወፍር፣ 1 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በዚያው ቀን የተቆረጠ። ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ይግባ፤ እንቡጡ ወደ ላይ ይሁን። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ከላይ በኩል ቬቲቨር ሳር በአግድም ረድፍ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ትከሉ። ሥሩ እስከ 3 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፣ ማሳም አይወርም።

ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ብቻ መደርደር አልወድም። ውሃው ተገፍቶ ማዶ ያለውን የጎረቤት ማሳ ይበላል።

ምልክት፦ አንድ ቦታ ብቻ ተቦድሷል

የከብት መውረጃ ነው። አንድ መውረጃ በድንጋይ አንጥፉ፣ ሌላውን በእሾህ እጠሩ። አዲሱ ተክልም ቢያንስ ሁለት ዓመት ከብት አይንካው።

ምልክት፦ ባህር ዛፉ ከነሥሩ ወንዝ ገባ

ረጅም ነው፣ ነፋስ ይገፋዋል፣ ከስሩም ሳር አያስበቅልም። ጫፍ ላይ ያለውን ቁረጡ፣ ጉቶውን ግን አትንቀሉ። ዶቅማና ሾላ ከጫፉ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ።

ምልክት፦ የወንዙ ወለል ራሱ ዝቅ ብሏል

አሸዋ እየወጣ ነው። አሸዋ ማውጣቱ ካልቆመ የምትተክሉት ሁሉ ይሄዳል። ይህ የአንድ ገበሬ ሥራ አይደለም፤ የሁለቱም ዳር ባለ ማሳዎች ከቀበሌው ጋር ተቀምጠው ይስማሙበት።

ምልክት፦ የሐይቁ ዳር ይደፈርሳል፣ ይታጠባል

ባህር ሸሹ፣ ማለትም ጣና ሲጎድል የሚገለጠው መሬት፣ እስከ ውሃው አፍ ታርሷል፣ ደንገሉም ታጭዷል። ማዕበሉን የሚሰብረውና ደለሉን የሚያስቀረው ደንገሉ ነበር። በደለሉ የሚመጣው ማዳበሪያም እምቦጭን ይቀልባል። ጥቂት ትልሞች ሳይታረሱ ይቅሩ፤ ለታንኳ የሚሆነውንም ደንገል ስታጭዱ ሥሩን አትንቀሉ። ሥሩ ካለ መልሶ ይበቅላል።