የአሮጌ ፒክአፕ ናፍታ ማፍሰስ፦ ምልክቱ፣ ምንጩና መፍትሄው

ቡና ከዘጌ፣ ሽንኩርት ከመርዓዊ፣ ዓሣ ከጣና ዳር ወደ ባሕር ዳር የሚያመላልሱ አሮጌ ፒክአፖች ዛሬም ብዙ ናቸው። ባለ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ሃይሉክስ፣ ባለ 4ጄኤ1 ሞተር አይሱዙ፦ አብዛኞቹ ኮምፒውተር የማያውቁ፣ በሜካኒካል ፖምፓ (ናፍታን ወደ ሞተሩ በሚገፋው) የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ ናፍታ ሲያፈሱ ምንጩን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ንጹሕ ጨርቅ፣ ጥሩ ብርሃንና ትዕግሥት ይበቃል።

የሚጎዳው ምንጩ ሳይታወቅ ቁልፍ ማንሳት ነው። ናፍታ የታየበትና ናፍታ የወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ናፍታ ቀጭን ነው፤ በብረት ላይ ይሳባል፣ ቧንቧ ተከትሎ ይወርዳል፣ ነፋስ ወደ ኋላ ይበትነዋል። ከዘጌ የመጡ አንድ አዛውንት ኮፈኑን ከፍተው «ልጄ፣ ፖምፓው ይውረድ ተብያለሁ» አሉኝ። እውነትም ፖምፓው በናፍታ ርሷል። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እንጠበው፤ ከዚያ እናያለን» አልኳቸው። ታጥቦ ደርቆ ሞተሩ ሲነሳ፣ ናፍታው የሚወጣው አንዱ ኖዝል (ናፍታን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) አናት ላይ ካለች የመመለሻ ቧንቧ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) ሆኖ ተገኘ። ጠብታዋ ቀስ ብላ አበጠች፣ በቧንቧው ሆድ ሥር ተንሸራተተች፣ ፖምፓው አናት ላይ ወደቀች። ሁለታችንም ቆመን አየናት። ፖምፓው ጤነኛ ነበር።

መጀመሪያ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ጠመኔ መንፋት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ውስጡ ያሉትን በጣም ተጠጋግተው የተገጠሙ ብረቶች ሊያጣብቅ ይችላል። ዲናሞውን፣ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እና የአየር ማስገቢያውን በፌስታል ሸፍነው፣ በዱቄት ሳሙናና በብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጠቡት። ይህን ሥራ ሐይቁ ዳር ወይም ዓባይ ዳር አያድርጉት። ከሞተር የወጣ ናፍታና ዘይት ውሃው ላይ ተዘርግቶ የሚቀር ነው፣ እዚያው ዓሣ የሚያወጣ ሰው አለ።

ከደረቀ በኋላ የተማሪ ጠመኔ ፈጭተው በየመገጣጠሚያው ላይ ይንፉ፤ የሕፃን ፓውደርም ይሆናል። ሞተሩን በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡ) ጥቂት አሠርተው በባትሪ ብርሃን ከላይ ጀምረው ይዩ። ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ምንጩ ነው፣ ከሱ በታች ያለው የወረደ ነው።

ፈሳሹ ናፍታ መሆኑንም ያረጋግጡ። የናፍታ ሞተር ዘይት ጥቁርና ወፍራም ነው፤ የራዲያተር ውሃ ቅባት የለውም፤ ናፍታ ቀጭን ነው፣ ሽታውም አይሰወርም።

መሬቱ ደረቅ ነው፣ ጠዋት ግን አይነሳም

ብዙ ሰው ይህንን እንደ ማፍሰስ አይቆጥረውም። ነገር ግን ዋናው ማፍሰስ ይኸው ነው፣ በብዛት የሚያሳስተንም እሱ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ናፍታን ከታንክ የሚስበው ፖምፓው ራሱ ነው። ከታንክ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር ሞተሩ ሲሠራ ግፊት ሳይሆን ስበት አለበት። ስለዚህ እዚያ ላይ ስንጥቅ ካለ ናፍታ አይወጣም፣ አየር ይገባል። ሌሊት መኪናው ሲቆም አየሩ በስንጥቁ ገብቶ በቱቦው ውስጥ ያለው ናፍታ ወደ ታንክ ይመለሳል፤ ጠዋት ፖምፓው የሚያገኘው አየር ነው።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ሞተሪኖው ብርቱ ሆኖ ያዞራል፣ ከጭስ ማውጫው ግን ምንም ጭስ አይወጣም። ነጭ ጭስ እየወጣ ካልተነሳ ናፍታው ደርሷል ማለት ነው፤ ያኔ የማሞቂያ ካንዴላዎችን ይመርምሩ። ጭስ ከሌለ ናፍታ አልደረሰም። አንዴ ከተነሳ በኋላ ጥቂት ይንተፋተፍና ይስተካከላል፤ ስንጥቁ ከሰፋ ደግሞ በጉዞ ላይ ጉልበት ያጣል።

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች አንድ ጥሩ ማረጋገጫ ያመልጠናል። ታንኩ ከኋላ ነው፤ መኪናው አፍንጫው ሽቅብ ሆኖ ሲያድር ናፍታው ወደ ታንክ በቀላሉ ይሸሻል፣ አፍንጫው ቁልቁል ሲሆን ግን ይቆያል። በበዛዊት ኮረብታ መውጫ ዓይነት ዳገት ላይ ሽቅብ አቁመውት ሲቸገር፣ አዙረው ቁልቁል ሲያቆሙት ቶሎ ከተነሳ፣ አየር የሚገባው በመሳቢያው መስመር ነው።

ቦታውን ለማግኘት የፊልትሮውን (የናፍታ ማጣሪያውን) የእጅ ፓምፕ ይጫኑ። ጤነኛ ከሆነ ከጥቂት ጭነት በኋላ ይጠነክራል። ጭራሽ የማይጠነክር ከሆነ ከሱ በፊት ያለው ቱቦ አየር ይስባል፣ ወይም የራሱ ቫልቭ አልቋል። ጠንክሮ ቀስ በቀስ የሚለሰልስ ከሆነ ደግሞ ከእጅ ፓምፑ እስከ ፖምፓው ያለውን ይዩ፤ ሲጫን ያ ክፍል ግፊት ስለሚያገኝ አየር ይስብ የነበረው ቦታ አሁን ናፍታ ያወጣል። የእጅ ፓምፑ ራሱ በሥሩ ካረጠበ ጎማው አርጅቷል፣ ይቀየራል።

ካልተገኘ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ለጊዜው ይግጠሙና አረፋ ይከታተሉ። ከዚያ የሚሻለው ግን የጀሪካን ፈተና ነው፦ ንጹሕ ናፍታ የያዘ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፣ በአዲስ ቱቦ በቀጥታ ፖምፓው ላይ ያገናኙት፣ አየሩን አውጥተው ያስነሱ። መኪናው ሰላም ከሆነ ፖምፓውን አይንኩት፤ በሽታው ከታንክ ጀምሮ በፊልትሮው አልፎ እስከ ፖምፓው ባለው መንገድ ላይ ነው።

መፍትሄው አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ነው። የደረቀና ጫፉ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ከነፋሸታው (ከነማሰሪያው) ይቀየራል። ጫፉን ቆርጦ እንደገና መግጠም ለመንገድ ብቻ ነው። ለናፍታ የተሠራ ቱቦ ይግዙ፤ የውሃ ቱቦ ናፍታ ሲነካው ያብጣል ወይም ይደርቃል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። በጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና በንቅናቄ ፋሸታው ይላላል፣ ከሻሲው ጋር የሚሄደው የብረት ቧንቧም መያዣው ጋር ተፈግፍጎ ይበሳል። እዚያ ድረስ ገብተው በጨርቅ ጠርገው ይዩ። የፊልትሮው የታች የውሃ ማውጫ ቡሽም አይረሳ፤ ክረምት ላይ ውሃ ለማውጣት ይከፈትና በደንብ ሳይዘጋ ይቀራል።

የኖዝሎቹ አናት ርሷል

ሁለት ነገር አለ። ቀላሉ የመመለሻው መስመር ነው፣ ከኖዝል የተረፈውን ናፍታ ወደ ታንክ የሚመልሰው። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ያልባል፣ ያንጠባጥባል እንጂ አይረጭም። ሮንዴላዎቹ አንዴ ከተፈቱ አዲስ ይገባሉ፤ አሮጌውን መልሶ ማጥበቅ ቀጭኑን ቧንቧ ሊሰብረው ይችላል።

ከባዱ ከፖምፓ ወደ ኖዝል የሚሄደው የብረት ቧንቧ ነው። ኖዝሉ የሚከፈተው ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። እዚህ መስመር ላይ እጅዎን አይላኩ፣ በጣት አይፈልጉ። እንደ ክር የቀጠነ ናፍታ ቆዳ ይበሳል፤ ቀዳዳዋ ኢምንት፣ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ግን እጅ እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ከደረሰብዎ ሳይውሉ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይሂዱና «ናፍታ በግፊት ገብቶብኛል» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ለፍለጋው ካርቶን በረጅሙ ይዘው በቧንቧው አጠገብ ያሳልፉት፤ እርጥቡ ይታይበታል። ዓይንዎን በመነጽር ይከልሉ።

ያፈሰሰው ዳዶው (ቧንቧውን የሚያጠብቀው) ሥር ከሆነ ሞተሩን አጥፍተው ዳዶውን ይፍቱት፣ የቧንቧውን ጫፍና መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ቀጥ ብሎ መቀመጡን አይተው በልኩ ያጥብቁት። እምቢ ካለ በጉልበት አያስጨንቁት፤ ጫፉ ተበላሽቶ ከሆነ ማጥበቁ መቀመጫውንም ያበላሸዋል። የተሰነጠቀ ቧንቧ አይበየድም፣ ይቀየራል። ሲቀየርም ቧንቧዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው መያዣ የግድ ይመለስ፤ ብዙ ጊዜ ቧንቧውን የሰነጠቀው የዚያ መያዣ መጥፋት ነው።

ኖዝሉ ዙሪያ ጥቁር እንደ ሬንጅ የደረቀ ነገር ካለና ሞተሩ ሲሠራ «ጭ ጭ» የሚል ድምፅ ካለ፣ ናፍታ ሳይሆን የሲሊንደር ጋዝ ነው የሚያመልጠው። ኖዝሉ ይውጣ፣ መቀመጫው ይጽዳ፣ ሥሩ ያለው ሮንዴላ ይቀየር።

ፖምፓው ራሱ ነው

ከላይ ያለው ሁሉ ደርቆ ፖምፓው ብቻ ካረጠበ አሁን ተራው የሱ ነው። የጋዝ መስጫው ዘንግ ሥር ወይም የላይኛው ክዳን ዙሪያ ከሆነ ኦሪንጉ ወይም ጋስኬቱ ነው። በኋላ በኩል ቧንቧዎቹ የሚወጡበት ጭንቅላት ከሆነም እንዲሁ ኦሪንግ ነው፣ ግን ይህኛውን ንጹሕ ቦታና የመፈተሻ ማሽን ያለው የፖምፓ ባለሙያ ይሥራው። ጋራዥ መሬት ላይ፣ አቧራ ውስጥ የሚከፈት ፖምፓ ከመጣበት ብሶ ይመለሳል።

የፖምፓው የፊት ዘንግ «ሲል» (ናፍታ እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ሲያልቅ ምልክቱ እንደ ሞተሩ ይለያያል። በሃይሉክሶቹ ናፍታው የታይሚንግ ቺንጋው ክዳን ውስጥ ይወርዳል፤ ከክዳኑ ሥር ጠብታ ያያሉ። ናፍታ የጠጣ ቺንጋ ይለሰልሳል፣ ሊዘልል ወይም ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ሲሉ ሲቀየር ቺንጋውም አብሮ ይቀየራል። በማርሽ በሚዞረው የአይሱዙ 4ጄኤ1 ግን ውጭ ላይ ምንም አይታይም፤ ናፍታው ወደ ሞተር ዘይት ይገባል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሲያወጡ ዘይቱ ጨምሮ፣ ቀጥኖ፣ ናፍታ ናፍታ እየሸተተ ካገኙት መኪናውን እዚያው ያቁሙት። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም። ሲሉ ይቀየር፣ ከዚያም ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው።

ታንኩ

ታንክ ሲሞላ ብቻ ወይም ዳገት ላይ ብቻ የሚያፈስ መኪና ችግሩ ታንኩ አናት ላይ ነው፦ የመለኪያው ጋስኬት ወይም የዛጉ የቧንቧ ሥሮች። ከሥር በዝገት የተበሳ ትንሽ ቀዳዳ መንገድ ላይ ካጋጠመ፣ በደረቁ ጠርገው የልብስ ሳሙና ጠንክረው ያሹበት፤ ሳሙና በናፍታ ስለማይሟሟ እስከ ከተማ ያደርሳል። ከተማ ሲደርሱ ታንኩ ይውረድ። ባዶ መስሎ የሚታይ ታንክ ውስጡ ትነት አለ፣ የብየዳ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ሳይታጠብ ለብየዳ አይሰጥም፤ የታንክ ሥራ ለማያውቅ በያጅም አይሰጥም። ዝገቱ የተስፋፋ ከሆነ ደግሞ ብየዳው አንዱን ቀዳዳ ሲዘጋ አጠገቡ ሌላ ይከፈታል፤ እንዲህ ያለውን ታንክ በሌላ መተካት ይሻላል።