ስታቲን የሚወስድ ሰው ጡንቻው ሲያመው፦ ከጉበት አጓጓዥ ፕሮቲኖች የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ለኮሌስትሮል ስታቲን የሚወስድ ሰው «እግሬን ያመኛል» ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ዕድሜ፣ ብርድ ወይም ድካም ነው። በፋርማሲ ሥራዬ አስቀድሜ የምጠይቀው ግን «ባለፉት ሳምንታት የተጨመረልዎ መድኃኒት አለ?» የሚለውን ነው። ይህን የምጠይቅበት ምክንያት በጉበት ሕዋስ ሽፋን ላይ ይገኛል።

ስታቲን ዋና ሥራውን የሚሠራው በጉበት ሕዋስ ውስጥ ነው። ከአንጀት ተነስቶ በደም ወደ ጉበት ሲደርስ በበቂ መጠን ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ በሽፋኑ ላይ ደም በሚያገኘው ወገን የተተከለው ኦኤቲፒ1ቢ1 የተባለ አጓጓዥ ፕሮቲን ተቀብሎ ያስገባዋል። ይህ በር በሌላ መድኃኒት ሲያዝ ወይም በተፈጥሮው ደካማ ሲሆን ያልገባው ስታቲን በደም ውስጥ ይቀርና ጡንቻ ዘንድ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የኮሌስትሮል ምርመራው ጥሩ ውጤት ሊያሳይ ስለሚችል፣ በውጤቱ የተደሰተ ታካሚም ሆነ ሐኪም ጡንቻው እየተጎዳ መሆኑን ላያስተውል ይችላል።

ችግር፦ አዲስ መድኃኒት ከተጨመረ በኋላ የመጣ የጭንና የትከሻ ሕመም

ሕመሙ በአብዛኛው በአንድ ጉልበት ወይም በአንድ መገጣጠሚያ ብቻ ሳይወሰን በሁለቱም ጭኖች፣ በዳሌና በትከሻ ጡንቻዎች ላይ ይሰማል፤ ድካምም አብሮት ይመጣል። ቡና ለማፍላት ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ የተቀመጡ እናት ለመነሳት ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ሲገፉ፣ ከተነሱም በኋላ ግድግዳ ይዘው ቆም ሲሉ ካዩ፣ «አርጅተዋል» ከማለትዎ በፊት የመድኃኒት ከረጢታቸውን ይመልከቱ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ከረጢት ውስጥ ነው። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን ይህን በር አጥብቆ ከሚዘጉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ከስታቲኖች አንዱ ከሆነው ሮሱቫስታቲን ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለውን የሮሱቫስታቲን መጠን ወደ 7 እጥፍ ያደርሰዋል። ሮሱቫስታቲን በጉበት ኢንዛይሞች የሚፈጨው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ያህል ጭማሪ በኢንዛይም መታገድ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። የደም ቅባትን የሚቀንሰው ጄምፊብሮዚል፣ አንቲባዮቲኩ ክላሪትሮማይሲን፣ እንዲሁም አንዳንድ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቶችም በሩን ይይዛሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኢንዛይምንም ጨምረው ስለሚያግዱ ጉዳቱ ይደራረባል። ሴሪቫስታቲን የተባለው ስታቲን እ.ኤ.አ. በ2001 ከገበያ የወጣው ከባድ የጡንቻ መሟሟትና ሞት በማስከተሉ ሲሆን፣ አደጋው በተለይ ከጄምፊብሮዚል ጋር አብረው በወሰዱት ሰዎች ላይ የከፋ ነበር።

መፍትሄው በሽንት ቀለም ይጀምራል። ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ወይም ሰውየው መራመድ ካቃተው ቀጠሮ ሳይጠብቅ፣ ቀጣዩንም የስታቲን ክኒን ሳይውጥ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ የተሟሟ ጡንቻ ኩላሊትን ያቆማልና። ሽንቱ ካልጠቆረ ሐኪሙ የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየውን ክሬያቲን ካይኔዝ የተባለውን የደም ምርመራ ያዛል፤ ውጤቱ ከጤናማው ጣሪያ 10 እጥፍ ካለፈ ስታቲኑ ይቆማል። ከዚያ በታች ከሆነ የሚደረገው እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ክላሪትሮማይሲን ለጥቂት ቀናት የሚወሰድ በመሆኑ እሱ እስኪያልቅ ሲምቫስታቲን የተባለውን ስታቲን ማቋረጥ ይበቃል። ከሳይክሎስፖሪን ጋር ግን ሲምቫስታቲን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ሮሱቫስታቲንም በአሜሪካው የአጠቃቀም መመሪያ መሠረት በቀን ከ5 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ጄምፊብሮዚል የሚወስድ ሰው ወደ ሌላው የደም ቅባት መድኃኒት ፌኖፋይብሬት መቀየር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሳይክሎስፖሪንን ወይም የኤችአይቪ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቆም ከጡንቻው ሕመም የባሰ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ የሚነካው ስታቲኑ ብቻ ነው።

ችግር፦ ሌላ መድኃኒት ሳይኖር ያው ሕመም

በከረጢቱ ውስጥ ከስታቲኑ በቀር ምንም ካልተገኘ ምክንያቱ የዘር ሊሆን ይችላል። ኦኤቲፒ1ቢ1ን የሚሠራው ኤስኤልሲኦ1ቢ1 የተባለው ጂን ሲሆን፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ በአንድ ፊደል ለውጥ የተነሳ በሩ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት በቀን 80 ሚሊግራም ሲምቫስታቲን ከሚወስዱት መካከል፣ ለውጡን ከአንድ ወላጅ የወረሱት በጡንቻ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው 4.5 እጥፍ፣ ከሁለቱም የወረሱት ደግሞ ወደ 17 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። የዘር ምርመራ በማይገኝበት ቦታም መፍትሄ አለ፤ ሲምቫስታቲንን በ80 ሚሊግራም አለመጀመር፣ ሕመም ከመጣም መጠኑን መቀነስ ወይም በዚህ በር ላይ ጥገኝነቱ አነስተኛ ወደሆነው ፍሉቫስታቲን መቀየር ነው።

ችግር፦ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከተጀመረ ወዲህ ኮሌስትሮል አልወርድ ማለቱ

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ሁለት ተቃራኒ ሥራዎች አሉት። በተወሰደበት ሰዓት የጉበትን በር ይዘጋል፤ በተከታታይ ሲወሰድ ደግሞ ስታቲንን የሚፈጩትን ኢንዛይሞች ያበዛል። ብዙ ታካሚዎች መድኃኒቶቹ እንዳይጋጩ በማሰብ ሪፋምፒሲንን ጠዋት፣ አቶርቫስታቲንን ማታ ይወስዳሉ፤ የፋርማሲ ባለሙያዎችም ይህንኑ ስንመክር ቆይተናል። ለእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ግን ምክሩ ስህተት ነው። ተራርቀው ሲወሰዱ በሩ ክፍት ሆኖ ኢንዛይሙ ብቻ ስለሚሠራ፣ በደም ውስጥ ያለው የአቶርቫስታቲን መጠን በ80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በአንድ ሰዓት ሲወሰዱ በሩ ስለሚያዝ ወደ ኢንዛይሙ የሚደርሰው መድኃኒት ይቀንሳል፤ መጠኑም ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ አቶርቫስታቲኑን ከጠዋቱ ሪፋምፒሲን ጋር በአንድ ጊዜ መውሰድ እንደሚቻል ሐኪሙን ይጠይቁ። በሕክምናው ወቅት የስታቲኑ መጠን ከፍ ተደርጎ ከነበረ፣ ሪፋምፒሲን ካበቃ በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ የኢንዛይሙ ብዛት ወደ ቀድሞው ስለሚመለስ፣ መጠኑ ካልተቀነሰ የጡንቻው ሕመም ያኔ ሊጀምር ይችላል። የመጨረሻውን የሳንባ ነቀርሳ ክኒን የሚወስዱበትን ቀን የኮሌስትሮል ሐኪምዎ እንዲያውቀው ያድርጉ።

ችግር፦ በዚሁ ሕክምና መጀመሪያ ላይ ቢሊሩቢን ከፍ ማለቱ

ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን የተባለ ንጥረ ነገርም ወደ ጉበት የሚገባው በከፊል በእነዚሁ በሮች ስለሆነ፣ ሪፋምፒሲን በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጉበት ጉዳትን የሚያሳዩት የደም ምርመራዎች ሳይጨምሩ ቢሊሩቢን ብቻ በጥቂቱ ከፍ ሊልና በራሱ ሊመለስ ይችላል። ይህን መለየት የሚቻለው ግን በላቦራቶሪ እንጂ በቤት ውስጥ በመገመት አይደለም። አብረውት የሚሰጡት አይሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ ጉበትን በእርግጥ ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላ ወይም ትውከት ከመጣ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ጣቢያው ተመልሶ መመርመር ያስፈልጋል።