የሚዛኑ ኬብል ሲነዝር

እህል መጋዘን ውስጥ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ከኮምፒውተር ጋር ብዙ ጊዜ የሚገናኘው በባለ ዘጠኝ እግሩ ሲሪያል ኬብል ነው። ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ስሞታው ያው ነው፦ "ኬብሉ ይነዝራል።"

ችግር፦ የኬብሉን ጫፍ ብረት ስነካ ጣቴን ውርር ያደርገኛል

አዲስ ኬብል ለመግዛት አትቸኩሉ። በሲሪያል ኬብል ውስጥ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ቮልት ነው፤ ያ ሰው አይነዝርም። የሚነዝረው ከኮምፒውተሩ ፓወር ሳፕላይ፣ ማለትም የግድግዳውን ኮረንቲ ከሚቀበለው ክፍል የሚመጣው ነው። እዚያ ውስጥ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። እነሱ ወደ ኮምፒውተሩ ኬዝ ጥቂት ኮረንቲ ያሳልፋሉ፤ ኮረንቲው በመሬት ሽቦ መውረድ አለበት። መሬት ሽቦ ከሌለ ኬዙ ላይ የ220ው ግማሽ፣ ማለትም 110 ቮልት አካባቢ ይቀራል። የኬብሉ ጫፍ ብረት ደግሞ ከኬዙ ጋር የተያያዘ ነው።

መፍትሄው ከዲቫይደሩ ይጀምራል። ላዩ ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ ውስጡ ግን ሁለት ሽቦ ብቻ የሆነ ዲቫይደር አለ፤ ነቅላችሁ ፍቱትና እዩት። እሱ ደህና ከሆነ ሶኬቱን በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስለኩ። ከፌዝ (ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ) ወደ መሬት እግሩ 220 አካባቢ ካልታየ መሬቱ ተቋርጧል፣ ወይም ከመጀመሪያውም አልተዘረጋም።

"ክረምት ላይ ደህና ነበር" የሚል ካለ የመሬት ዘንጉን፣ ማለትም የመሬት ሽቦው የሚታሰርበትን አፈር ውስጥ የተቀበረ ብረት ይጠርጥር። በተለይ በቢቸናና በደጀን አካባቢ መረሬው በበጋ ይሰነጠቃል፤ አፈሩ ከዘንጉ ይሸሻል። እርጥበት እስኪያገኝ ጠልቆ የሚገባ ረዘም ያለ ዘንግ ያስፈልጋል።

አንዳንዱ ሰው ሶኬት ውስጥ ኒውትራሉን (ኮረንቲው የሚመለስበትን ሽቦ) ከመሬት እግሩ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶ "ጨረስኩ" ይላል። ኒውትራሉ አንድ ቀን የተበጠሰ እንደሆነ ኬዙ ሙሉ 220 ይሸከማል። ይህን የሚሠራ ሰው ቤታችሁ አይግባ።

ንዝረቱ ውርር ማድረጉ ቀርቶ እጅ የሚያስፈነጥር ከሆነ ፌዙ ራሱ ኬዙን ነክቶ ይሆናል። ምንም ሳትነኩ ከብሬከሩ አጥፉ፤ ባለሙያ ሳያየው አትመልሱት።

ችግር፦ ኬብሉን ስሰካ ብልጭ ይላል፣ ፖርቱም ተቃጠለ

የሚዛኑ አዳፕተር ባለ ሁለት እግር ሆኖ ኮምፒውተሩ መሬት ካለው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሚራገፈው በምትሰኩበት ቅጽበት ነው። ሁለቱንም አጥፍታችሁ ከግድግዳው ንቀሉ፣ ኬብሉን ሰክታችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ከዚያ አብሩ። የሚቻል ከሆነ ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት ላይ ሰኳቸው።

ችግር፦ ወፍጮው ሲነሳ የሚዛኑ ቁጥር ይዘባረቃል

እዚህ መሬቱ አለ፤ ግን በሁለት ቦታ ነው። የወፍጮው መስመርና የቢሮው መስመር መሬታቸው እኩል ስላልሆነ ኮረንቲ በኬብሉ የብረት መሸፈኛ ይመላለሳል። መሸፈኛውን በኮምፒውተሩ በኩል ብቻ አስይዙት። ካልበቃ ሲሪያል አይሶሌተር፣ ማለትም መረጃውን እያሳለፈ ሁለቱን ወገን በኮረንቲ የሚለያይ ዕቃ አስገቡ። ርቀቱ ከ15 ሜትር ካለፈ ወደ አርኤስ-485 (ለረጅም ርቀት የሚሆን የሲሪያል ግንኙነት ዓይነት) መቀየር ይሻላል።