ዝናብ ሲይዛችሁ ፐዝል ሞክሩ

የጅማ ዝናብ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ስልኩን ወዲያ በሉና ፐዝል፣ ማለትም የተቆራረጠ ሥዕል፣ ገጣጥሙ፤ ዓይንም ትውስታም አብረው ይሠራሉ፣ ጭንቀትም ለጊዜው ይረሳል። ለጀማሪ 100 ቁራጭ ይበቃል፣ 1000ው ይቆይ። መጀመሪያ ቀጥ ያለ ጠርዝ ያላቸውን ለዩና ዙሪያውን ጨርሱ፣ ከዚያ በቀለም በቀለም። የሥዕሉ ሰማይ ግን ያናድዳል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ስለሆነ እዚያ ላይ ቀለሙን ትታችሁ የቁራጩን ቅርጽ ተከተሉ። ሰፊ ካርቶን ላይ ሥሩት፣ ቡና ሲቀርብ እንዳለ አንስታችሁ አልጋ ሥር ትገፉታላችሁ።

የሚሸጥ ካጣችሁ ከድሮ ካላንደር ላይ ደስ ያላችሁን ፎቶ፣ ለምሳሌ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት፣ ካርቶን ላይ ለጥፉና ሙጫው በደንብ ሲደርቅ በመቀስ ቁረጡት። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ካርታ ሠሪው ጆን ስፒልስበሪም ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ እየቆረጠ ነው ለልጆች ጂኦግራፊ መማሪያ የሸጠው።