በየሌሊቱ አዲስ ቪዲዮ በራሱ የሚያወርድ የቤት ማከማቻ አሠራር

አንድ ቪዲዮ ማውረድ አንድ ኮማንድ ነው። ሥራ የሚጠይቀው ማንም ሳይነካው በየሌሊቱ አዲሱን ብቻ ለይቶ የሚያወርድ፣ ያወረደውን የማይደግምና ሲበላሽ የሚናገር ነገር ማቆም ነው። ለዚህ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ዋይቲ-ዲኤልፒ (ቪዲዮ ከድረ ገጽ የሚያወርድ የኮማንድ ፕሮግራም)፣ ኤፍኤፍኤምፔግ (ምስልና ድምፅን የሚያጋጥምና የሚቀይር ፕሮግራም)፣ ሰዓት ጠብቆ ሥራ የሚያስጀምር ፕሮግራም (በሊነክስ ክሮን፣ በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር)፣ እንዲሁም ቪዲዮዎቹን ወደ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚያደርስ እንደ ጄሊፊን ያለ ሚዲያ ሰርቨር።

ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ፈቃድ፦ የዩቲዩብን ጨምሮ የብዙ ድረ ገጾች የአጠቃቀም ውል ያለ ፈቃድ ማውረድን ይከለክላል። ይህ አሠራር የራስን ቻናል ለመጠባበቂያ ለማስቀመጥ፣ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ላላቸው ቪዲዮዎች፣ የቅጂ መብታቸው ጊዜ ላለፈና ባለቤታቸው ለፈቀዳቸው ሥራዎች ነው። በዲአርኤም (ቅጂን በሚከለክል መቆለፊያ) የተቆለፈ ቪዲዮን ደግሞ ዋይቲ-ዲኤልፒ ጨርሶ አያወርድም።

የአማራጮቹን ስም እዚህ የጻፍነው እንደሚነበቡት ነው። ስትተይቧቸው በላቲን ፊደል፣ ከፊታቸው ሁለት ሰረዝ፣ በቃላቱ መካከል አንድ ሰረዝ አድርጉ።

አጫጫን

ዋይቲ-ዲኤልፒን ከሊነክስ ስርጭታችሁ የፕሮግራም ማከማቻ በአፕት አትጫኑት። እዚያ ያለው ስሪት ብዙ ጊዜ ወራት ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ ድረ ገጾቹ ግን አሠራራቸውን በየጊዜው ስለሚለውጡ የቆየ ስሪት ድንገት መሥራት ያቆማል። ከፕሮጀክቱ የጊትሀብ ገጽ ዝግጁ ፋይሉን አውርዱ ወይም በፒፕኤክስ (የፓይተን ፕሮግራሞችን በሚጭን መሣሪያ) ጫኑት። ዝግጁው ፋይል «አፕዴት» በሚለው አማራጭ ራሱን ያድሳል፤ በፒፕኤክስ የተጫነው ግን የሚታደሰው በፒፕኤክስ በራሱ ነው። የትኛውም ቢሆን ማደሱ ከሌሊቱ ሥራ በፊት በዚያው ስክሪፕት ውስጥ ይግባ። «403 ፎርቢደን» የሚል ስህተት ስታዩ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የስሪቱን እርጅና ነው።

ከእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ጀምሮ ዩቲዩብን በሙሉ አቅም ለማውረድ ዋይቲ-ዲኤልፒ የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ይፈልጋል። የሚመከረው ዲኖ ነው፤ ካልተጫነ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ከጥራት ምርጫዎቹም የሚጎድሉ ይኖራሉ።

ኤፍኤፍኤምፔግ ለምን? ዩቲዩብ ጥሩውን ጥራት ምስሉን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ አድርጎ ነው የሚያቀርበው፤ ሁለቱን የሚያጋጥመው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። እሱ በሌለበት ዋይቲ-ዲኤልፒ ሁለቱ አንድ ላይ ወዳሉበት ፋይል ይሄዳል፣ ያ ደግሞ በዩቲዩብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 360ፒ ነው። ቪዲዮዎቻችሁ ሁሉ ደብዛዛ ሆነው ከወረዱ ኢንተርኔታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ኤፍኤፍኤምፔግ መኖሩን አረጋግጡ።

ጥራትና ኮዴክ

አማራጮቹን በሙሉ በኮማንድ መስመር ላይ ከመደርደር አንድ የኮንፊግ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፤ በአንድ መስመር አንድ አማራጭ። ለጥራት «ፎርማት-ሶርት» የሚለውን ተጠቀሙና በቅደም ተከተል ሬስ:1080፣ ቪኮዴክ:ኤች264፣ ኤኮዴክ:ኤኤሲ ስጡት፤ በመካከላቸው ኮማ ብቻ፣ ክፍተት የለም። ይህ ምርጫ እንጂ እገዳ አይደለም፦ 720ፒ ብቻ ያለው ቪዲዮም ይወርዳል። «ፎርማት» በሚለው አማራጭ ጥብቅ ገደብ ካስቀመጣችሁ ግን የተጠየቀው ፎርማት የለም ብሎ ያንን ቪዲዮ ይዘለዋል።

ኤች264 ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮን አጭቆ የሚያስቀምጥ ዘዴ ነው፤ የተመረጠው ግን ምስሉ ስለሚያምር አይደለም። ሌላው ኮዴክ ኤቪ1 በትንሽ ፋይል የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ ግን ብዙ የቆዩ ቴሌቪዥኖች አይፈቱትም፤ ራዝቤሪ ፓይ 4ም ለኤቪ1 የሃርድዌር መፍቻ የለውም። ያን ጊዜ ጄሊፊን ቪዲዮውን እያጫወተ ወደ ሌላ ኮዴክ ለመቀየር ይገደዳል፣ ፕሮሰሰሩ ይጨናነቃል፣ ምስሉም ይንቀረፈፋል። ዩቲዩብ ላይ ከ1080ፒ በላይ ኤች264 ስለማይገኝ 4ኬ የሚፈልግ ሰው ከማስተካከሉ በፊት የቴሌቪዥኑን አቅም ይወቅ።

ቦታውን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። በሰከንድ በአማካይ 2.5 ሜጋቢት የሚፈጅ ቪዲዮ በሰዓት 1.1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። በሳምንት ሁለት የግማሽ ሰዓት ቪዲዮ የሚያወጣ ቻናል በዓመት ወደ 58 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው።

የፋይል ስም፣ በተለይ የአማርኛ ርዕስ

እዚህ ላይ ነው በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች የማያስጠነቅቁት ችግር ያለው። የተለመዱት የሊነክስ የፋይል ሥርዓቶች ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ጣሪያው 85 ፊደል ነው፤ ከዚያ ላይ ቀኑ፣ የቪዲዮው መለያ (አይዲ) እና በማውረድ ጊዜ የሚቀጠሉት ጊዜያዊ ቅጥያዎች ይቀነሳሉ። ረጅም የአማርኛ ርዕስ ያለው ቪዲዮ «የፋይል ስም በጣም ረጅም ነው» በሚል ስህተት የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ የእንግሊዝኛው ግን ያልፋል።

መፍትሔው በስም አሰጣጡ ቅጽ («አውትፑት») ውስጥ ርዕሱን በባይት መቁረጥ ነው። ከርዕሱ ቅንፍ በኋላ ብዙዎች ኤስ የምትለዋን ፊደል ብቻ ይጽፋሉ፤ በምትኩ ነጥብ፣ 150፣ ከዚያ ትልቁን የላቲን ቢ ጻፉ። ይህ ርዕሱን ቢበዛ 50 የግዕዝ ፊደል ላይ ያቆመዋል፤ ፊደልንም መሃሉ ላይ አይሰብርም። «ትሪም-ፋይልኔምስ» የሚለውን ብቻ በቁጥር ከተጠቀማችሁ የሚቆጥረው ፊደል እንጂ ባይት ስላልሆነ፣ 150 ብትሉት ለአማርኛ ርዕስ አይደርስላችሁም።

«ሪስትሪክት-ፋይልኔምስ» የሚለውን አማራጭ ከየትም ገልብጣችሁ አታምጡት። ከላቲን ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ ወደ ግርጌ ሰረዝ ስለሚለውጥ የአማርኛ ርዕስ እንዳለ ይጠፋል።

ስሙን በቀን ጀምሩት፣ በቪዲዮው መለያ ጨርሱት። መለያው ጌጥ አይደለም፦ «ክፍል 1» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ቪዲዮዎች በአንድ ፎልደር ሲገናኙ ዋይቲ-ዲኤልፒ ሁለተኛውን «ወርዷል» ብሎ ይተወዋል። በፎልደሩ ስም ላይም የቻናሉን መለያ ጨምሩበት፤ ቻናሉ ስሙን የቀየረ ዕለት አለበለዚያ ሌላ ፎልደር ይከፈታል።

ያልጨረሱ ፋይሎች ማከማቻው ውስጥ መታየት የለባቸውም። «ፓዝስ» በሚለው አማራጭ ጊዜያዊውን ቦታና ዋናውን ቦታ ለይታችሁ ስጡት፤ ሁለቱ በአንድ ዲስክ ላይ ይሁኑ። እንዲህ ከሆነ የመጨረሻው ዝውውር የስም ለውጥ ብቻ ነው፣ በሁለት ዲስክ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ፋይል እንደገና ይገለበጣል።

የአርካይቩ ፋይል

የሥራው ሁሉ ምሰሶ «ዳውንሎድ-አርካይቭ» ነው። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ እያንዳንዱ መስመር የድረ ገጹን ስም፣ አንድ ክፍተትና የቪዲዮውን መለያ ይይዛል (የዩቲዩብ መለያ 11 ምልክት ነው)። ዋይቲ-ዲኤልፒ ከማውረዱ በፊት እዚህ ያያል፤ ካለ ያልፈዋል። ቪዲዮውን አይታችሁ ብትሰርዙትም መስመሩ ስላለ በማግስቱ ተመልሶ አይወርድም። ይህ ፋይል ከጠፋ በቀጣዩ ሌሊት የሰረዛችኋቸውን ጨምሮ ዲስኩ ላይ የሌሉትን ሁሉ እንደገና ማውረድ ይጀምራል። ስለዚህ ከቪዲዮዎቹ ተለይቶ በሌላ ዲስክ ላይ ቅጂው ይቀመጥ።

የምትከታተሏቸውን ቻናሎች አድራሻ በሌላ የጽሑፍ ፋይል ላይ አስፍራችሁ በ«ባች-ፋይል» ስጡት። የምታስገቡት አድራሻ በ«ቪዲዮስ» የሚያልቀው ይሁን፤ የቻናሉን ዋና ገጽ ከሰጣችሁት ሾርትሱንም የቀጥታ ስርጭቱንም አንድ ላይ ያግበሰብሳል።

አዲስ ቻናል ስትጨምሩ የድሮውን ሁሉ እንዲያወርድ ካልፈለጋችሁ መጀመሪያ አንድ ጊዜ በ«ሲሙሌት» እና በ«ፎርስ-ራይት-አርካይቭ» አስኪዱት። ምንም ሳያወርድ የነበሩትን በሙሉ አርካይቩ ላይ ይመዘግባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው አዲሱ ብቻ ነው።

«ብሬክ-ኦን-ኤግዚስቲንግ» ሥራውን በጣም ያፋጥናል፦ አርካይቩ ላይ ያለ ቪዲዮ ሲያገኝ ከዚያ በታች ያለውን አይመረምርም። ግን ሁለት ወጥመድ አለበት። አንደኛ፣ ብቻውን ከሆነ ሥራውን በሙሉ ያቆመዋል፤ የመጀመሪያው ቻናል አዲስ ነገር ከሌለው የቀሩት ሳይነኩ ያድራሉ። «ብሬክ-ፐር-ኢንፑት» አብሮት ሲኖር ወደ ቀጣዩ አድራሻ ይሻገራል። ሁለተኛ፣ አዲስ ቪዲዮ ከታች የሚጨመርበት ፕሌይሊስት ላይ አይሠራም፤ ከላይ የድሮውን አይቶ ይቆማል። እንዲህ ያሉትን ፕሌይሊስቶች ይህ አማራጭ በሌለበት ሌላ ኮንፊግ ለብቻቸው አስኪዷቸው።

ፍጥነትን መግታት

ድረ ገጾች በአንድ ጊዜ ብዙ ጥያቄ ሲደርሳቸው «429» ብለው ይዘጉባችኋል፤ አንዳንዴም ሮቦት አለመሆናችሁን አረጋግጡ ይላሉ። «ስሊፕ-ሪኩዌስትስ» 1፣ «ስሊፕ-ኢንተርቫል» 10፣ «ማክስ-ስሊፕ-ኢንተርቫል» 30 ጥሩ መነሻ ነው። ማንም ተቀምጦ ስለማይጠብቅ መዘግየቱ አይጎዳም። «ሊሚት-ሬት» 2ኤም ስትሉ በሰከንድ 2 ሜጋባይት መሆኑን ልብ በሉ፤ በኢንተርኔት ውል ቋንቋ 16 ሜጋቢት ነው። ሰብታይትል ስትጠይቁም የምትፈልጉትን ቋንቋ ብቻ ጥቀሱ፤ «ኦል» ማለት በማሽን የተተረጎሙትን ሁሉ መጎተት ስለሆነ ለ429 ቀጥተኛው መንገድ ነው። የአሳሻችሁን ኩኪ (ወደ አካውንታችሁ መግባታችሁን የሚያሳየውን መረጃ) መስጠት አንዳንድ መዘጋትን ይፈታል፤ ግን አካውንቱን ሊያሳግድ ስለሚችል በዋናው አካውንታችሁ አታድርጉት።

ሰዓቱን ማስያዝ

ክሮን የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንዲነሳ ከፈለጋችሁ የምትጽፉት 0 3 * * * ነው። በክሮን ውስጥ የምታውቁት የፕሮግራም መፈለጊያ መንገድ የለም፤ በተርሚናል የሠራው ስክሪፕት በሌሊት «ፕሮግራሙ አልተገኘም» የሚለው ለዚህ ነው። የዋይቲ-ዲኤልፒን፣ የኤፍኤፍኤምፔግንና የዲኖን ሙሉ አድራሻ ስክሪፕቱ ውስጥ አሳውቁ። የመቶኛ ምልክት (%) በክሮን መስመር ላይ የመስመር መቁረጫ ሆኖ ስለሚነበብ የፋይል ስም ቅጹን እዚያ አትጻፉት፤ በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ከሆነ ችግር የለውም። በዊንዶውስ ባች ፋይል ውስጥ ደግሞ ምልክቱ በእጥፍ (%%) ይጻፋል።

የትናንቱ ሥራ ሳያልቅ የዛሬው እንዳይደረብ ስክሪፕቱን በ«ፍሎክ» (አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው እንዳይጀምር በሚቆልፍ ኮማንድ) አስጀምሩት። ከዚህ ጋር የቀጥታ ስርጭትን በ«ማች-ፊልተርስ» አስወጡ፤ ካልሆነ ሌት ተቀን የሚተላለፍ አንድ ስርጭት ተይዞ ይቀርና መቆለፊያው ስላልተፈታ በየሌሊቱ ምንም አይወርድም፣ ስህተትም አታዩም።

ዋይቲ-ዲኤልፒ ሲጨርስ 0 ከመለሰ ሰላም ነው። 101 ከመለሰ በ«ብሬክ» አማራጮች ስለቆመ ነው፤ ስክሪፕታችሁ እንደ ውድቀት አይቁጠረው። 1 ስህተት ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ የተሰረዘ ወይም የግል የተደረገ ቪዲዮም በየሌሊቱ 1 ሊያስመልስ ስለሚችል በእሱ ላይ የተሠራ ማንቂያ ቶሎ ይሰለቻል። የተሻለው አርካይቩን መጠበቅ ነው፦ ለአንድ ሳምንት አዲስ መስመር ካልተጨመረበት መልእክት ይላክላችሁ።

ጄሊፊንና የዲስኩ ቦታ

ጄሊፊን ላይ ቤተ መጻሕፍቱን ስትከፍቱ ዓይነቱን «ሾውስ» ሳይሆን የቤት ቪዲዮ አድርጉት። ተከታታይ ፊልም ነው ካላችሁት በርዕሱ ተመሳስሎ ያገኘውን የሌላ ፊልም ፖስተር ይለጥፍላችኋል። «ኢምቤድ-ሜታዳታ» መግለጫውን ቪዲዮው ውስጥ ያስገባል፤ «ራይት-ተምኔይል» ደግሞ ምስሉን በጎኑ ያስቀምጣል፤ ምስሉ ወደ ጄፔግ እንዲለወጥ እዘዙት።

የቆየውን በ«ፋይንድ» (ፋይሎችን በቀናቸው ፈልጎ በሚያጠፋ ኮማንድ) ከ60 ቀን በኋላ የምታስጠፉ ከሆነ ኮንፊጉ ላይ «ኖ-ኤምታይም» መኖሩን አረጋግጡ። እሱ ከሌለ በቆዩ ስሪቶች ፋይሉ የሚይዘው የወረደበትን ሳይሆን ድረ ገጹ የሰጠውን ቀን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ድረ ገጹ ላይ የወጣ ቪዲዮ ማታ ወርዶ፣ ማንም ሳያየው በዚያው ሌሊት ይጠፋል።

ኮማንድ የማይመቸው ፒንችፍላትን በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ በሚያስኬድ ሥርዓት) ማስኬድ ይችላል፤ ከውስጡ የሚሠራው ያው ዋይቲ-ዲኤልፒ ሲሆን ቻናል መጨመርና ማስወገድ በድረ ገጽ ይሆናል። ቲዩብ አርካይቪስት ፍለጋው ጠንካራ ነው፤ ግን ኢላስቲክሰርች የተባለ የፍለጋ ፕሮግራም አብሮ ስለሚያስኬድ ራም ለሌለው ማሽን ይከብዳል። ሁለቱም ጋ የ403 መነሻ ብዙውን ጊዜ ያው የስሪቱ እርጅና ነው።